ጊደሯ ለኮርማ ደርሳለች የሚባለው መቼ ነው?

የእህቴ ልጅ የሚኖረው ባሕር ማዶ ነው። ሊጠይቀው የሄደ ዘመድ ሁሉ ቡናውን ሳይጨርስ የሚነሣው ሳሎኑ ጥግ በተቀመጠው የመስታወት ሣጥን ምክንያት ነው፤ ልጁ እባብ ያረባል። ባለፈው ሰሞን አንድ ፎቶግራፍ ላከልኝ። ቡኒና ጥቁር ዝንጉርጉር ዘንዶ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ እንደ ገመድ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ሚዛኑ 1,380 ግራም ይላል። ከሥሩ «ገና ናት። ዘንድሮ ከወንዱ ጋር አላገናኛትም» ብሎ ጽፏል።

መጀመሪያ ሣቅሁ። ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እሱ አንድ ኪሎ ተኩል ለማትሞላ እባብ ሚዛን ያወጣል፤ እኔ እዚህ ጅማ፣ በግቢዬ ካለው ንብረት ሁሉ ውድ የሆነችው ጊደር ለኮርማ መድረስ አለመድረሷን ስወስን የኖርሁት በረት በር ላይ ቆሜ በዓይኔ ነው። እኔ ብቻም አይደለሁም። ከመንደራ ቆጪ እስከ ጅሬን የማውቃቸው ላም ያዢዎች አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። «ቁመቷ መጣ»፣ «ዓመት ከመንፈቅ ሞላት»፣ «ሰሞኑን ትጮኻለች» ይባልና አዳቃይ፣ ማለትም የኮርማ ዘር በሰው ሠራሽ መንገድ የሚያስገባው ባለሙያ፣ ይጠራል።

ልጁ የሚያረባት ዘንዶ ዘሯ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከጋናና ከቤኒን አካባቢ ነው፤ ስትፈራ ጭንቅላቷን መሐል አድርጋ እንደ ኳስ ትጠቀለላለች። እነዚህን የሚያረቡ ሰዎች ሴቷን ከወንድ ጋር የሚያገናኟት ብዙውን ጊዜ 1,500 ግራም ስትደፍን ነው፤ እንደ አመጋገቧ ሦስት ዓመት ገደማ ይወስድባታል። ወንዱ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ሲመዝን ይበቃዋል። ልዩነቱ የመጣው ከሥራው ክብደት ነው። ሴቷ እንቁላሎቿን የምትሠራው ከራሷ ስብ ቀንሳ ነው፤ ከጣለች በኋላም ሁለት ወር ያህል ተጠቅልላባቸው ስትታቀፍ አብዛኛውን ጊዜ ምግብ አትቀምስም። ሳትጠና የተገናኘች እንደሆነ እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ቢወጣም እሷ ከስታ ሳታገግም ልትቀር ትችላለች። ወንዱን ካስገቡላት ግን ክብደቷ ሳይሞላም ልትገናኝ ትችላለች። ልጁን ሚዛን ያስገዛው ይህ ነው፤ የእንስሳዋ መፍቀድ ስለ መቻሏ ምንም አይነግረውም።

የጊደርም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ኮርማ መፈለጓን ባለሙያዎች ድራት ይሉታል። የመጀመሪያው ድራት የሚመጣው ጊደሯ ሙሉ ላም ስትሆን ከሚኖራት ክብደት 45 ከመቶ ገደማ ላይ ስትደርስ ነው። ለመጠቃት፣ ማለትም ለመገናኘት ወይም ለመዳቀል፣ ደረሰች የሚያሰኛት ግን ከ60 እስከ 65 ከመቶው ነው። ስትወልድ ደግሞ 85 ከመቶ አካባቢ ብትሆን ይመረጣል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቁጥር መካከል ወራት አሉ። በእነዚያ ወራት ጊደሯ በየሦስት ሳምንቱ ትጮኻለች፣ ገመድ ትበጥሳለች፣ አጥር ትጥሳለች፤ ጎረቤትም «ምን እስክትሆን ነው የምትጠብቁት?» ማለት ይጀምራል። ባለቤቱ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

እኔም ተሸንፌ አውቃለሁ። ዳለቻ የምላት ዲቃላ ጊደር ነበረችኝ፤ እናቷ የሆሮ፣ የአገራችን ዘር፣ ደም ያለባት፣ አባቷ በሰው ሠራሽ ማዳቀል የመጣ ሆልስታይን፣ ግዙፉ የፈረንጅ የወተት ከብት። ልክ በ15 ወሯ ጮኸች። አንድ ስብሰባ ላይ «ሆልስታይን ጊደር በ15 ወሯ ትጠቃለች» ሲባል ሰምቼ ነበርና ደስ አለኝ፤ ውዬ ሳላድር አዳቃይ ጠራሁ። በስብሰባው ላይ ሳልጠይቅ የቀረሁት፣ ያቺ የተነገረላት ጊደር በ15 ወሯ ስንት ኪሎ እንደምትሆን ነው። በመኖ የተቀማጠለች ንጹሕ ሆልስታይን በዚያ ዕድሜ 350 ኪሎ ግራም ልታልፍ ትችላለች። የእኔዋ፣ በኋላ ሳሰላው፣ 190 እንኳን አትሞላም ነበር።

ምጥ የያዛት በዝናብ ሌሊት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ሁለት የፊት ሰኮናዎች ታዩ፤ ቀጥሎ የምላስ ጫፍ። ከዚያ ነገሩ ቆመ። ያ ምላስ እዚያው እንዳለ መልኩ ሲለወጥ ቆሜ አየሁት፤ መጀመሪያ ሮዝ ነበር፣ እየቆየ ወደ ሰማያዊ አደላ። ጎረቤቴ ሐጂ ጃንጥላ ይዘው መጡ፤ በባትሪ አብርተው የዳሌዋን ስፋት በስንዝራቸው ለኩና «ልጄ፣ ዕቃው ከበሩ ሰፍቷል፤ ሐኪም ጥሪ» አሉኝ። ሐኪሙ ሲደርስ ሌሊቱ ተጋምሷል። ጥጃው በገመድ ተስቦ ወጣ፤ ሞቶ ነበር። ዳለቻ አራት ቀን ሙሉ የኋላ እግሮቿ አልነሣ አሏት፤ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ጠባብ ዳሌ ውስጥ የተሰነቀረ ጥጃ በዳሌው ግድግዳ የሚያልፉትን ነርቮች ይጨፈልቃል። ተነሣች፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት የሰጠችው ወተት ከቤት አላለፈም፤ እንደገና ኮርማ እስክትፈልግም ዘጠኝ ወር ጠበቅሁ። ጥቂት ወራት ለማትረፍ ብዬ ከዓመት በላይ ከሰርሁ።

ዳሌ የሚሰፋው ከቁመት ዘግይቶ ነው። ቁመት ዓይንን የሚያታልለው ለዚህ ነው፤ ረዥም ሆና ጠባብ የሆነች ጊደር ብዙ ናት። ከዚህም ሌላ ጊደር ስታረግዝ ራሷ ገና በማደግ ላይ ናት። የምትበላው መኖ ለሦስት ይከፈላል፦ ለራሷ ዕድገት፣ ለሽሉ፣ ኋላም ለወተቱ። ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀርበት የራሷ ዕድገት ነው፤ ቀጥሎ ወደ ድራት መመለሷ ይዘገያል። ያለጊዜዋ የተጠቃች ጊደር ብትተርፍም ቀጭጫ የምትቀረው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ክብደቷን እንዴት እንወቅ? የከብት ሚዛን በየግቢው የለም። ሜትር ግን አለ። የልብስ ሰፊ ሜትር በቂ ነው፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ያልቃል። ለትልልቆቹ ሲባጎ አዙሩና ምልክት አድርጋችሁ፣ ሲባጎውን መሬት ላይ ዘርግታችሁ ለኩት።

ጊደሯ ጠዋት፣ ውሃም መኖም ሳትቀምስ፣ በደልዳላ መሬት ላይ አራቱም እግሮቿ እኩል ቆመው ትያዝ። ራሷን ዝቅ ወይም ቀና ካደረገች ልኬቱ ይዛባል፤ አንድ ሰው ግንባሯን እያከከ ቢይዝላችሁ ጥሩ ነው። ሜትሩን ከፊት እግሮቿ ጀርባ፣ ከሻኛዋ ኋላ አዙሩት፤ ሁለት ጣት የሚያሾልክ ያህል ብቻ ይጥበቅ። ይህ የደረቷ ዙሪያ ነው። ሁለተኛው ልኬት ርዝመቷ ነው፤ ከትከሻዋ የፊት ጫፍ እስከ ጭራዋ ሥር በጎን እስካለው ጎልቶ የሚታይ የመቀመጫ አጥንት። ከዚያ ዙሪያውን በራሱ አባዙት፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዙት፣ ለ10,840 አካፍሉት። ደረቷ 150፣ ርዝመቷ 125 ሳንቲ ሜትር የሆነች ጊደር 259 ኪሎ ግራም ገደማ ትሆናለች። ስሌቱ ከእውነተኛው ሚዛን ጥቂት ከመቶ ወዲህ ወይም ወዲያ ይላል፤ ስለዚህ በአምስት ኪሎ አትከራከሩ። በየወሩ በአንድ ዓይነት ሰዓት ከለካችሁ ግን ጭማሪዋን በደንብ ያሳያችኋል፤ ለእኔ ከክብደቷ ይልቅ የሚጠቅመኝም እሱ ነው።

የ60 ከመቶው ነገር «የምኑ?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል። መልሱ ብዙ ጊዜ በዚያው በረት ታስሮ ነው ያለው፤ እናቷን ለኩ። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የወለደች፣ ያልከሳች እናት የልጇን የወደፊት መጠን ትነግራችኋለች። እናቲቱ 400 ኪሎ ከሆነች ልጅቷ ከ240 እስከ 260 ስትደርስ ትጠቃ። 250 ኪሎ የምትመዝን የአገር ላም ልጅ ግን 150 እና 163 መካከል ይበቃታል። አባትየው ከእናቲቱ በጣም የገዘፈ ዘር ከሆነ ግምቱን ከፍ አድርጉት። ይህ ስሌት ከዓይን የሚለየው በማወዳደሪያው ነው። ዓይን ጊደሯን ከጎረቤት ጊደር ጋር ያወዳድራል፤ ስለዚህ የሐጂን ትንሽዬ የአገር ጊደር «ገና ናት»፣ የእኔን ረዥም ዲቃላ «ደርሳለች» ይላል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል።

ዕድሜስ ፈጽሞ አይጠቅምም ወይ? ይጠቅማል፤ ግን ብቻውን አይደለም። ስትወለድ 28 ኪሎ የነበረች ጥጃ 250 ኪሎ እንድትደርስ እንፈልጋለን እንበል። በቀን 400 ግራም ከጨመረች በአሥራ ስምንት ወር ተኩል ትደርሳለች። 250 ግራም ብቻ ከጨመረች ከሃያ ዘጠኝ ወር በላይ ይፈጅባታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ዓመት ሊሆን ምንም አልቀረው፤ የመጣውም ከአንድ ጣሳ ፍሩሽካ ጋር በሚቀራረብ የየቀን ልዩነት ነው።

ጅማ ላይ ደግሞ ጭማሪው ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ከመጋቢት እስከ መስከረም አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ጊደር በየሜዳው ስትግጥ ሰውነቷ ሲሞላ በዓይን ይታያል። ታኅሣሥ ላይ ሣሩ ይደርቅና እስከ የካቲት እዚያው ትቆማለች፤ አንዳንዷ የጨመረችውን ትመልሳለች። ለእነዚያ ወራት ድርቆሽ ያላስቀመጠ ሰው በቆሎ አገዳና እንሰት ቅጠል ይዞ ይንገላታል። ጓሮ ያለው ዝሆኔ ሣር ቢተክል፣ ገንዘብ ያለው ትንሽ ፋጉሎ ቢጨምርበት፣ ጨው ከፊቷ ባይጠፋ ልዩነቱ በሜትር ይታያል። ሳትጨምር የቀረች ጊደር መኖ ሳይሆን መድኃኒት ሊጎድላትም ይችላል። እንደ ቦዬ ባለ ረግረግ የሚግጡ ከብቶችን የጉበት ትል ይይዛቸዋል፤ ወደ ጊቤና ወደ ጎጀብ ቆላ ከወረዱ ገንዲ የሚባለው የዝንብ በሽታ አለ። ከሁለቱ በአንዱ የተያዘች ጊደር ፀጉሯ ይቆማል፣ ትገረጣለች፤ ድራቷ ሊዘገይ ወይም ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ፤ የከተማ ሰው ስሕተት ነው። አተላና ፍሩሽካ እንደ ልብ የሚያገኝ ሰው ጊደሩን እንደ ሰንጋ ያወፍራታል። ሰንጋ ለቢላዋ ነው፤ ጊደር ግን ከልክ በላይ ስትወፍር በግቷ ውስጥ ወተት የሚሠራው ሥጋ መያዝ የነበረበትን ቦታ ስብ ይይዘዋል፣ ማርገዝም መውለድም ይከብዳታል። የሜትሩ ቁጥር ይህን አይለይም፤ እጅ ይለየዋል። የጎድን አጥንቶቿን በጣቶቻችሁ ዳስሱ። ከሩቅ የሚቆጠሩ ከሆነ ከስታለች። ጫን ብላችሁም ካላገኛችኋቸው ወፍራለች። ሳይታዩ በቀላሉ የሚዳሰሱ ከሆነ ደኅና ናት። በምትጠቃበት ሰሞን እየጨመረች ያለች ጊደር እየቀነሰች ካለች በተሻለ ታረግዛለች፤ መጠኗ እኩል ቢሆንም እንኳ።

ገንዘብና ጊዜ ከማውጣታችሁ በፊት ሐኪም ሊያያቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ቀድሞውኑ እርጉዝ ልትሆን መቻሏ ነው። ወይፈን አንድ ዓመት ሳይሞላው ዘሩ ሊይዝ ይችላል፤ አብሯት የሚውል «ገና ሕፃን ነው» የተባለ ወይፈን የስንቱን ሂሳብ አበላሽቷል። ሁለተኛው መንታ ነው። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች እንስት በእናታቸው ማህፀን ደማቸው ስለሚገናኝ ከአሥር ዘጠኟ ወይም ከዚያ በላይ መካን ናት። ውጪዋ ያማረ፣ ቁመናዋ የተሟላ ልትሆን ትችላለች፤ ድራት ግን አይመጣም። እንዲህ ያለችውን ስገዛ ሻጩ መንታነቷን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሦስተኛው ብሩሴሎሲስ ነው። ላሞችን ያስወርዳል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ በኮርማ የምታስጠቁ ከሆነ የመንደሩን ሁሉ ከብት የሚዞር ኮርማ ሳይመረመር አትጠቀሙ። የወረደ ሽልና የእንግዴ ልጅ ደግሞ በባዶ እጅ አይነካም።

ክብደቷ ሞላ፣ ጤናዋ ደኅና ነው እንበል። አሁን ዓመቱ አልቆ ሰዓት መቁጠር ይጀመራል።

ድራት በየ21 ቀኑ ገደማ ይመለሳል፤ ከ18 እስከ 24 ቀን ያለው ሁሉ ጤናማ ነው። ጸንቶ የሚቆየው ከ12 እስከ 18 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በአገር ዘሮቻችን ከዚያም ያጥራል፣ ምልክቱም ደብዛዛ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ሌሊትና ንጋት ላይ ይሆናል። ረፋድ ላይ ወጥቶ «ዛሬም ምንም የለም» የሚል ሰው ምንም ሳይኖር ቀርቶ ላይሆን ይችላል፤ ሲተኛ አልፎት ነው። ንጋት ላይና ከመሸ በኋላ፣ መኖ በማይሰጥበት ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። መኖ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይረሳል፤ ድራትም ጭምር።

እርግጠኛው ምልክት አንድ ነው፤ ሌላ ከብት ስትወጣባት ቆማ መጠበቋ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የምትወጣዋን ሲያይ ነው። የምትወጣው ላትሆን ትችላለች፤ የምትቆመው ናት። ነገር ግን በከተማ ግቢ ብቻዋን የታሰረች ጊደር ማን ይወጣባታል? እሷን በሌሎቹ ምልክቶች እናውቃታለን፤ ሳትራብ መጮኽ፣ መቁነጥነጥ፣ ከመኖ መቀነስ፣ የብልቷ አበጥ ማለትና መቅላት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፈሳሹ ነው። እንደ እንቁላል ነጩ ጥርት ያለ፣ ሳይበጠስ እንደ ክር የሚረዝም ፈሳሽ ከብልቷ ይወርዳል፤ ጠዋት ስትነሡ ደርቆ ጭራዋ ላይ እንደ ሙጫ ተለጥፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከደፈረሰ ወይም ከሸተተ የማህፀን ሕመም ነውና ያን ቀን አታስጠቋት።

አዳቃዩ የሚጠራበት ሰዓት ከዚህ ይወጣል። እንቁላሏ የሚለቀቀው ድራቱ ሲያልቅ ሳይሆን ካለቀ ከ10 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ነው። እንቁላሉ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። የኮርማው ዘር በበኩሉ ማህፀን ውስጥ ከገባ በኋላ ለመዘጋጀት የተወሰኑ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ከዚያም አንድ ቀን ያህል ይኖራል። ስለዚህ ዘሩ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃት እንጂ እንቁላሉ ዘሩን መጠበቅ የለበትም፤ እጅግ ቀድሞ ከመጣ ደግሞ ጊዜው ያልቅበታል። የተለመደው ደንብ የመጣው ከዚህ ነው፦ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያያችኋትን በዚያው ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ፣ ማታ ያያችኋትን በማግስቱ ጠዋት ማስዳቀል። ጠዋት አይቶ ወዲያው ደውሎ በ3 ሰዓት ያስዳቀለ ሰው ቸኩሏል፤ ማታ አይቶ የማግስቱን ከሰዓት የጠበቀ ሰው ዘግይቷል። ቅዳሜና እሑድ አዳቃይ ማግኘት ከባድ መሆኑ ሌላ ጣጣ ነው፤ እኔ የሁለት ሰዎች ስልክ የያዝሁት ለዚህ ነው።

አዳቃዩ ሲመጣ ሥራውን ተመልከቱ፤ አይከፋውም። ዘሩ የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ከዚያ ሲወጣ ሰውነት ሙቀት በሚያህል ውሃ፣ 35 እስከ 37 ዲግሪ፣ ለግማሽ ደቂቃ ወይም ጥቂት በለጥ ላለ ጊዜ ይቀልጣል። ቴርሞሜትርና ለብ ያለ ውሃ ያዘጋጀ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። አንድ ጥያቄ ደግሞ ጠይቁት፦ «የምን ኮርማ ዘር ነው የያዝከው?» በኩር ለምትወልድ ጊደር ጥጃው ትንሽ የሚሆን ኮርማ ይመረጣል። ጀርሲ ከሆልስታይን ያነሰ ጥጃ ይሰጣል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያዋ ጀርሲ፣ ለሁለተኛው ወሊድ ሆልስታይን የሚል ሰው ብልህ ነው። እኔ ለዳለቻ ይህን ብጠይቅ ኖሮ የዚያን ሌሊት ነገር ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

አንዳንድ ጊዜ ጊደሮችን ሰብስቦ መርፌ በመውጋት ድራታቸውን አንድ ላይ የማምጣት ዘመቻ ይደረጋል። መርፌው ይሠራል፤ በተወጉ በሦስት እስከ አምስት ቀን ድራት ይመጣል። የሚሠራው ግን አስቀድመው ድራት በጀመሩት ላይ ነው፤ ጨቅላዋን ጊደር አያደርሳትም። በእርጉዝ ላይ ከተወጋ ያስወርዳል። ስለዚህ «ትወጋ» ከማለት በፊት እጅ አስገብቶ የመረመራት ሰው መኖሩን አረጋግጡ፤ ሰልፉ ረዥም ቢሆንም።

ከተጠቃች በኋላ ቀኑን ጻፉ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ትንሽ ደም ጭራዋ ላይ ልታዩ ትችላላችሁ። ሰው ያንን ሲያይ «ወረደባት» ብሎ ይደነግጣል፤ ወይም ድራት መስሎት እንደገና አዳቃይ ይጠራል። ሁለቱም አይደለም። ደሙ ድራት ማለፉን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ማርገዟንም አለማርገዟንም አያሳይም። ያልተጠቃች ጊደር ላይ ካያችሁት ደግሞ ድራቱ እንዳመለጣችሁ ዕወቁና ከዚያ 18 ቀን ያህል ቆጥራችሁ ተዘጋጁ። የተጠቃችዋን ከ18ኛው እስከ 24ኛው ቀን ንጋት ንጋት ላይ ተመልከቷት፤ ካልተመለሰች ተስፋ አለ። ሐኪም በእጁ የሚያረጋግጠው ሁለት ሦስት ወር ሲሞላት ነው። እርግዝናው 280 ቀን ገደማ፣ ማለትም ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ነው። ጥቅምት 1 የተጠቃች ሐምሌ 11 አካባቢ ትወልዳለች፤ የጅማ ሣር በሚትረፈረፍበት ወር። ከነሐሴ እስከ ኅዳር ያስጠቃ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል፤ ጊደሯ እየጨመረች ባለችበት ትጠቃለች፣ ስትወልድም ሜዳው ይመግባታል።

አሁን በረት ውስጥ ያለችው ቡሬ ትባላለች። ሐምሌ 20 ንጋት ላይ ጮኸች፤ ፈሳሹም ጥርት ያለ ነበር። ሐጂ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው «ዛሬስ አታስጠቂያትም?» አሉኝ። ሜትሩን አመጣሁ። ደረቷ 138፣ ርዝመቷ 120፤ 211 ኪሎ። እናቷ 395 ናት፤ 60 ከመቶው 237 ይሆናል። «26 ኪሎ ይቀራታል ሐጂ» አልኋቸው። በቀን 350 ግራም ከጨመረች 74 ቀን ያስፈልጋታል፤ ያ ማለት ሦስት ድራት ይለፍና አራተኛው ላይ። ቆጠርሁት፤ ጥቅምት 9 ላይ ዋለ። ቀኑን በወጥ ቤቱ በር ጀርባ በከሰል ጻፍሁት። ሐጂ የሜትሩን አንድ ጫፍ ይዘውልኝ ስለነበር፣ በማግስቱ የራሳቸውን ጊደር እንድለካላቸው ልጃቸውን ላኩ።